አዲስ ቦይ ለዛፊራ እግር

ዛፊራ ቆም ብላ ሰማዩን ስታይ በባሕሩ ጠረፍ ያለችው የፖሞሪዬ ከተማ ጨው ሠራተኞች በሙሉ አብረዋት ቀና ይላሉ። ጨው የሚሠራ ሰው ከሰማይ ጋር የቆየ ጠብ አለው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ያጠነከረችው ውሃ በሩብ ሰዓት ዝናብ መና ይቀራል። ስለዚህ አርባ አራት ዓመት በኩሬዎቹ መካከል የኖረች ሴት እጇን ግንባሯ ላይ ጥላ ከባሕሩ በላይ ያለውን ሰማይ አሻቅባ ስታይ፣ ሰው ሁሉ የያዘውን ትቶ የኩሬውን ውሃ ወደሚለቀው መክፈቻ ሳንቃ ይጠጋል።

ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ግን ዛፊራን የሚያቆማት ሰማይ ሳይሆን የቀኝ ባቷ ነበር። ከበሩ ተነሥታ በግድቡ ላይ መቶ እርምጃ ያህል እንደሄደች ባቷ እንደ እርጥብ ልብስ ይጨመቃል። ትቆማለች። ሁለት ደቂቃ ሰማይ ታያለች። ሕመሙ ይለቃታል። ደግሞ መቶ እርምጃ። ሰው ምን ያውቃል? «ዛፊራ ዘንድሮ ጠንቃቃ ሆናለች» ይላሉ እንጂ።

የማትናገረውም በሞኝነት አልነበረም። አጎቷ ዲሞ አንዲት የጠቆረች ጣት ይዞ ቡርጋስ ከተማ ሆስፒታል ገብቶ ከጉልበቱ በታች ባዶ ሱሪ ይዞ ሲመለስ በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ወዲያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የመንገደኛ እግር ሲያይ ሰባት ዓመት ኖሮ ሞተ። ዛፊራ ሌላውን ሁሉ ትችላለች፤ እንደ ዲሞ እግር ማጣትን ግን በሐሳቧም ልታስገባው አልፈለገችም።

መስከረም ላይ ግን ሰማይ ማየቷ ጉድ አመጣባት። ቀኑ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት የጥጥ ብጣሽ የምታህል ደመና የለችም። ዛፊራ መሐል ግድብ ላይ ቆመች፤ ሕመሙ ከወትሮው ባሰና እንዳትወድቅ ክንዷን ወደ ጎን ዘረጋች። ከወዲያ ማዶ ኪራ ይህን አየች። ኪራ በዕድሜ አሥር ዓመት የምታንሳት የሥራ ጓደኛዋ ናት፤ ፈጣን ናት፣ ከአፏ ይልቅ እጇ ይቀድማል። «እትዬ ዛፊራ ምልክት ሰጠች!» ብላ ጮኸችና ሳንቃዎቹን ተራ በተራ መዘዘች። ጨው ሊጥል ሁለት ቀን የቀረው የስድስት ኩሬ ውሃ ተንዶቆዶቀና ዝናብ ወደማያገኘው ጥልቅ ማጠራቀሚያ ወረደ።

ከዚያ ሁሉም ቆሞ ዝናቡን ጠበቀ። ፀሐይዋ ግን እንዳፈጠጠች ናት።

«የታለ?» አለች ኪራ፣ ላቧን እየጠረገች።

«መጥቶ ነበር» አለች ዛፊራ። «ተመለሰ።»

«ዝናብ ይመለሳል እንዴ? ወታደር ነው ፈቃድ የሚወስደው?»

ሰዉ ሳቀ፤ ዛፊራም ሳቀች። ኪራ ግን ሳቋን ቶሎ ጨረሰችና የዛፊራን እግር አየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኗን ከሷ ላይ አልነቀለችም።

ብርዱ ሲገባ የኩሬ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ግድብ መጠገን ነው የሚቀረው። ያኔ የጎማው ቦቲ የዛፊራን የቀኝ እግር ትንሿን ጣት ላጠ። የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል ናት። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ቅባት ይቀባል፣ ፋሻ ያስራል። የፖሞሪዬ ጨው ሠሪ ግን ቁስል ካየ ሉጋ ነው የሚፈልገው። ሉጋ ጨው ከተሰበሰበ በኋላ ኩሬው ውስጥ የሚቀረው ቀላ ያለ፣ ጣት ላይ ዘይት ዘይት የሚል ውሃ ነው፤ ወገቡ የታመመም፣ እጁ የተሰነጠቀም፣ ጉልበቱ ያበጠም በሱ ይታሻል። ዛፊራ እጇን በብረት ስትቆርጥ በሉጋ ድና ታውቃለች። ልጆቿንም ጉልበታቸው ሲላላጥ እዚያው ነክራ አሳድጋለች። ስለዚህ በየማታው አንድ ባልዲ ሉጋ አምጥታ እግሯን ትነክራለች። ያቃጥላል። «ካላቃጠለ አያድንም» ትላለች ለራሷ፣ ጥርሷን ነክሳ።

ቁስሏ ግን እንደ ድሮዎቹ አልሆነችም። በአንድ ወር ሽንብራ አከለች፤ በሁለት ወር ዳሯ ሰማያዊ ሆነ። ተጋድማ መተኛት አቃታት፤ እግሯን ከአልጋው ካላንጠለጠለች ሕመሙ አያስተኛትም። ባሏ ፓናዮት ጠዋት ሲነሣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያገኛታል።

«ምነው አልጋው ጠበበሽ?» ይላል።

«ያንተ ማንኮራፋት ነው።»

«አርባ ዓመት አንኮራፍቼ ዛሬ ነው የሰማሽው?»

ፓናዮት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ጨው የምታመላልሰውን ትንሿን ባቡር የሚነዳ ሰው ነበር፤ ቀልድ ይወዳል፣ ነገር ግን ሲፈራ ቀልዱ ይበዛበታል። ያን ሰሞን ቀልዱ በዝቶ ነበር።

ነገሩን ያወጣችው ኪራ ናት። መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ሳታንኳኳ የመሣሪያ ቤቱን በር ከፈተችና ዛፊራን ባልዲ ውስጥ እግሯን ነክራ ሲጋራ ስታጨስ አገኘቻት። ጎንበስ ብላ ጣቷን አየች። ጣቷ ጫፏ ጠቁሯል።

«ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ትንሽ ቀን።»

«ትንሽ ቀን ጥቁር አያደርግም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? ተነሽ።»

«ሉጋው እየሠራበት ነው…»

«ሉጋው እየበላው ነው! ተነሽ አልኩሽ፣ ወይ አንቺ ለፓናዮት ትነግሪዋለሽ ወይ እኔ እጮኻለሁ። የኔን ጩኸት ታውቂዋለሽ፤ ቡርጋስ ድረስ ይሰማል።»

በማግስቱ ሦስቱም በአውቶቡስ ቡርጋስ ሄዱ።

እግሯን ያየችው ዶክተር ኔዴልቼቫ ነበረች፤ ቀጭን፣ ፀጉሯን አጥብቃ ያሰረች፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ ወጣት። የዛፊራን ክንድ በመጠቅለያ አስራ የደም ግፊቷን ለካች፣ ከዚያ ያንኑ መጠቅለያ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አስራ ለካች። ክንዷ ላይ መቶ ሃምሳ የነበረው የደም ግፊት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሃምሳ እንኳ አልሞላም። ከዚያ የደም ቧንቧ የሚያሳይ ፎቶ አስነሣቻትና ሥዕሉን ፊቷ ዘረጋችው። ከብሽሽት የሚወርደው ነጭ መስመር ጭኗ መሐል ላይ ድንገት ይጠፋል፤ ከስንዝር የሚበልጥ ባዶ ቦታ ካለፈ በኋላ ከጉልበቷ በታች እንደ ክር ሆኖ ይቀጥላል።

«ሲሄዱ ባትዎን ያምዎት ነበር አይደል? ሲቆሙ የሚተው?»

ዛፊራ ፓናዮትን ሳታይ «አዎ» አለች።

«ስንት ዓመት?»

«ሦስት።»

«ሦስት ዓመት!» አለ ፓናዮት። «እኔ ሰማይ የምታዪ መስሎኝ!»

«ሰማይም አይ ነበር» አለች ዛፊራ።

ዶክተሯ ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ ማስረዳቷን ቀጠለች። ቁስል የሚድነው ደም ሲደርሰው ነው፤ ደም ያልደረሰው ቁስል ምን ቢቀቡት አይድንም። ሉጋው ደግሞ ደም በጠማው ሥጋ ላይ ጨው ጨምሮበታል። አሁን ጣቷ ብቻ አይደለችም ያሰጋቻቸው፤ እንዲህ ከቀጠለ እግሯ ራሱ በወራት ውስጥ ሊሄድ ይችላል።

«ከየት ጋ?» አለች ዛፊራ።

«እትዬ ዛፊራ፣ እሱን ለማስቀረት ነው የምንነጋገረው።»

«ዲሞን ከጉልበቱ በታች ነው» አለች ዛፊራ፣ ለማንም ሳይሆን።

ኔዴልቼቫ ወንበሯን ሳበችና ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። «ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው የኔ ነው። ብሽሽትዎ ላይ በመርፌ ቀዳዳ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገባለሁ፤ የተደፈነውን ሰንጥቄ አልፋለሁ፤ ከዚያ ትንሽ ፊኛ እነፋበታለሁ፤ ግድግዳው ገፋ ይላል። ካስፈለገም እንዳይመለስ የብረት መረብ ትቼበት እወጣለሁ። አይተኙም፣ እያወራን ነው የሚያልቀው። በማግስቱ ቤትዎ ነዎት።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አለች ዛፊራ። «ኮቴን ላውልቅ?»

«ሁለተኛውን ሳልነግርዎ አልነካዎትም። እሱ የዶክተር ግሮዝዴቭ ነው። ከራስዎ እግር ከቆዳ ሥር የሚሄደውን ደም መላሽ ሥር ያወጡና ከተደፈነው በላይና በታች ይሰፉታል። ደሙ የተዘጋውን ትቶ በአዲሱ ያልፋል። ግን ሙሉ ሰመመን ነው፣ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ረጅም ቁስል አለው፣ ልብንም ይፈትናል። ሁሉ ደህና ከሆነ አሥር ቀን እዚህ ይተኛሉ።»

«ቶሎ የሚያስነሣኝ የቱ ነው?»

«ፊኛው።»

«የሚቆየውስ?»

ዶክተሯ ሳትቸኩል መለሰች፤ ቸኩላ ያልመለሰችው ይህን ጥያቄ ብቻ ነበር። «እንደርስዎ መዘጋቱ ረጅም ሲሆን ፊኛ የከፈተው መልሶ ሊጠብ ይችላል። ያኔ ደግሜ እገባለሁ፤ አንዳንዴ ሦስተኛም። ጥሩ ሥር ያለውና ልቡ የሚችልለት ሰው ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገናው ረጅም ዓመት ይሄዳል። ጥሩ ሥር ለሌለው፣ ልቡ ለደከመው፣ የኔው ይሻለዋል። ሁሉን ሰው የሚያክል ጫማ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ልብዎንና ሥርዎን እንይ።»

ልቧን ሊያዩ ከሦስት ቀን በኋላ ቀጠሯት። እስከዚያ ቤት ውስጥ ሙግት ሆነ።

ፓናዮት የቦሎቄ ሾርባውን ፊቱ አስቀምጦ ማንኪያውን እንደ ዳኛ መዶሻ ያነሣል። «በመርፌ ቀዳዳ ገብተው በማግስቱ የሚያሰናብቱሽ እያለ፣ በግ ነሽ እንዴ ሳይጠሩሽ ወደ ቢላ የምትሮጪ?»

«የቱንም አልመረጥኩም ገና።»

«ፊትሽ መርጧል። አርባ ዓመት አውቀዋለሁ ያንን ፊት። ቤቱን ሰማያዊ ቀለም ስትቀቢው የለበስሽው ፊት ነው።»

ኪራ የተጠበሰ ትናንሽ ዓሣ በሰሃን ይዛ መጥታ ነበር፤ እሷም ጣልቃ ገባች። «ሰኔ ላይ ኩሬው ይሞላል፤ ሐምሌ ጨው ይጥላል። በፊኛው ከሆነ ትደርሽልናለሽ። በቢላው ግን ዘንድሮ አንቺን አናገኝሽም፤ አለቃውም በአንቺ ቦታ ከቫርና ሌላ ሰው ያመጣብናል።»

ዛፊራ ዓሣውን በእጇ ይዛ ሳትበላው ቆየች። የምታስበው የምዕራቡን ቦይ ነበር። ከባሕሩ ውሃ የሚያመጣው ያ ረጅም ቦይ ድሮ በየጸደዩ በደለል ይደፈን ነበር። በየጸደዩ ገብተው ይዝቁታል፤ ውሃው ይፈሳል፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ይደፈናል። እሷ ገና ወጣት ሳለች የነበረው አሮጌ አለቃ አንድ ቀን ሰለቸውና «ተዉት» ብሎ ከጎኑ አዲስ ቦይ አስቆፈረ። ሰው አጉረመረመ፣ እጁ ተላጠ፣ አንድ ወር ጠፋ። ያ ቦይ እስከ ዛሬ ውሃ ያመጣል።

ይህንን ስትነግራቸው ፓናዮት ማንኪያውን አስቀመጠ። አሁን ቀልድ አልነበረበትም።

«ቦይ አይሞትም፣ ዛፊራ። ቦይን በሰመመን አያስተኙትም። አንቺ ባትነሺስ?»

 ኪራ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እሱን ዶክተሮቹን እጠይቃቸዋለሁ» አለች ዛፊራ በመጨረሻ። «ልክ እንዲህ ብለህ እንደጠየቅኸኝ እጠይቃቸዋለሁ። ልቤ አይችልም ካሉኝ ፊኛውን እወስዳለሁ፣ አልኮራም። ይችላል ካሉኝ ግን በየዓመቱ ደለል ስዝቅ አልኖርም።»

ዶክተር ግሮዝዴቭ ትከሻቸው የበር ያህል፣ ድምፃቸው ግን የሹክሹክታ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። የልብ ምርመራዋን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡት። ዛፊራም የፓናዮትን ጥያቄ ቃል ሳትቀንስ ጠየቀቻቸው።

«አይነሱም ብዬ አልዋሽም፣ በእርግጥ ይነሣሉ ብዬም አልዋሽም» አሉ። «በዚህ ልብ፣ ከመቶ ሰው ሁለት ሦስቱን ልናጣ እንችላለን። በፊኛው ከዚያ ያነሰ ነው። ግን ይቺን ጣት ይዘው ምንም ሳይደረግ ቤትዎ ቢቀመጡ፣ ከዚያ እጅግ የበዛ ነው።»

ከዚያ አልትራሳውንዱን ይዘው ሥር ፍለጋ ገቡ። ቀኝ ጭኗ ላይ ወዲያ ወዲህ አሉና ቆሙ። «እዚህ የነበረው የት ሄደ?»

«ተነቅሏል» አለች ዛፊራ። «በሠላሳ አምስት ዓመቴ አባብጦ ነበር። ጨው ሠሪ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፤ ግማሾቻችን ተነቅሎልናል።»

ሽማግሌው ዝም ብለው ወደ ግራው እግር ተሻገሩ። ከብሽሽት ጀምረው ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ጉልበቷ ጋ ሲደርሱ ፊታቸው ፈካ። «እግርዎ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ይቺ ሥር ግን ሃያ ዓመቷ ነው» አሉና በሰማያዊ እስክሪብቶ ቆዳዋ ላይ ከላይ እስከ ታች መንገዷን አሰመሩት።

ዛፊራ መስመሩን አየች። ያኔ ነው የገባት። «ደህናውን እግሬን ልትሰነጥቁት ነው?»

«ሥሯን ለማውጣት፣ አዎ። ሁለቱም እግር ቁስል ይኖረዋል።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግራ እግሯ የሷ ወገን ነበር፤ የምትደገፍበት፣ ያላሳፈራት። አሁን እሱንም አሳልፋ ልትሰጥ ነው። አልጋው ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም እግሮቿን ጎን ለጎን አየቻቸው። ከዚያ ግራውን በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው።

ኔዴልቼቫ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዛፊራ ወደሷ ዞረች። «አንቺ ልጄ፣ እናት አለሽ?»

«አለችኝ። ያምቦል ነው የምትኖረው።»

«ይቺ የእናትሽ እግር ብትሆን?»

ወጣቷ ሽማግሌውን አላየችም። «ይቺን ሥር ሳላይ ቢሆን ኖሮ በፊኛው እጀምር ነበር። ካየኋት በኋላ ግን እናቴን ለሳቸው እሰጣቸዋለሁ። የኔ ፊኛ የትም አይሄድም፤ አዲሱ ቧንቧ አንድ ቀን ቢጠብ ያን ጊዜ እደርሳለሁ።»

«ይኸውልዎ» አሉ ግሮዝዴቭ። «እኔ ግን ሌላ ነገር አለኝ። በቀን ስንት ያጨሳሉ?»

«አንድ ፓኬት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኩሬ ከገባሁበት ቀን። ነፋሱን የምንችለው በሱ ነው።»

«ቢያጨሱም እግርዎን ለማዳን ቀዶ ጥገናውን አደርጋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ግን እኔ የቆፈርኩትን እርስዎ በሲጋራ ይደፍኑታል። ያን ጊዜ የማወጣው ሌላ ሥር የለዎትም።»

ዛፊራ ቦርሳዋን ከፈተች። የተጀመረውን ፓኬት አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች። ላይተሩን አስከተለች። «ቀኑን ይንገሩኝ» አለች።

ቀጠሮው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሆነ። እስከዚያ ለቁስሉ መድኃኒት፣ ለደሟም እንዳይረጋ የሚዋጥ ክኒን ሰጧት፤ ከሉጋ ጋር ግን እንድትፋታ ኔዴልቼቫ በጽሑፍ አስፈረመቻት፤ ቀልድ ይምሰል እንጂ ፊርማው የምር ነበር።

እነዚያ ዘጠኝ ቀናት ከቢላው የባሱ ነበሩ። አርባ አራት ዓመት የተለማመደ እጅ ባዶ ኪስ ውስጥ ሲዳብስ ይውላል። የሱፍ ፍሬ በከረጢት ገዝታ ጠዋት ማታ ትፈለፍላለች፤ ልጣጩ በየክፍሉ ተበተነ። ፓናዮት «ባገባሁሽ ጊዜ ሴት ነበርሽ፤ አሁን በቀቀን ሆነሽብኛል» አለ። በአራተኛው ቀን አንድ ሰሃን ሰበረች፤ ሆን ብላ እንደሆነ ሁለቱም አውቀዋል። በአምስተኛው ቀን ፓናዮት የራሱን ሲጋራ አውጥቶ ወደ ሽንት ቤቱ ጨመረና ውሃ ለቀቀበት።  እሷም የሱፉን ከረጢት በጠረጴዛው ላይ ወደሱ ገፋ አደረገችለት።

ቀዶ ጥገናው አምስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው የግሮዝዴቭን ሰፊ ትከሻ ነው፤ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ቁርጭምጭሚቷ አጠገብ አሳርፈው ያዳምጣሉ።

«ይመታል» አሉ።

ዛፊራ ግን ደስ የሚላት ጊዜ አላገኘችም። ለዓመታት ደም የራቀው እግር ድንገት ደም ሲጎርፍለት አበጠ፣ ቀላ፣ እንደ ምጣድ ጋለ። ከዚያ በስድስተኛው ቀን ያልታመመው ግራ እግሯ፣ ሥሯ የወጣበት ቁስል፣ ማዥት ጀመረ። ትኩሳት ያዛት። አሥር ቀን የተባለው አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ፓናዮት በየቀኑ ከፖሞሪዬ በአውቶቡስ ይመጣል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግራ እግሯን ያያል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«በል አውጣው» አለችው አንድ ቀን።

«ምኑን?»

«‹ነግሬሽ ነበር› የምትለውን። ሆድህን ሊያፈነዳው ነው።»

«እኔ?» አለ። «ነርሷ ፋሻውን እንዴት እንደምትቀይረው እያየሁ ነው። ቤት ስንሄድ ማን ሊቀይርልሽ ነው፣ ኪራ? የኪራን እጅ ታውቂያለሽ፤ ቁስሉን ከነእግሩ ትነቅለዋለች።»

በዚያው ሳምንት የጠቆረችው ጣት ነገር መጣ። ግሮዝዴቭ እንደተለመደው ሹክ አሉ፦ ደሙ ደርሷል፣ ሌላው ሥጋ ወደ ሕይወት ተመልሷል፣ ትንሿ ጣት ግን አልተመለሰችም፤ መነሣት አለባት።

«እሷ ብቻ?» አለች ዛፊራ።

«እሷ ብቻ።»

«ከዚያ ወዲያ ወደ ላይ አይሄድም?»

«ደሙ እንዲህ እየሄደ፣ እርስዎም እየጠበቁት፣ የሚሄድ አይመስለኝም።»

«ይውሰዷት። ያለ እሷም ቆሜ እሄዳለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የመራመድ ነው። መጀመሪያ በብረት መደገፊያ ከአልጋ እስከ መስኮት። ከዚያ ኮሪደሩን ግማሽ። ከዚያ ኮሪደሩን ሙሉ፤ ነርሷ «በቃ ይመለሱ» ስትላት እንዳልሰማች ሆና እስከ ደረጃው። ቤት ከገባች በኋላ በየጠዋቱ፣ በየማታው። ሁለቱ እግሮቿ እየተፈራረቁ ያማሉ፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነሣል። እሷም «ተራችሁን ጠብቁ» ትላቸዋለች። ፓናዮት ፋሻውን በየቀኑ ይቀይራል፤ መጀመሪያ ፊቱን አዙሮ፣ ኋላ መነጽሩን አድርጎ፣ በመጨረሻም እንደ ባለሙያ «ዛሬ ጠርዙ ደርቋል» እያለ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ቡርጋስ ለምርመራ ሄደች። ኔዴልቼቫ ቁርጭምጭሚቷን ለካች፤ መቶ ሠላሳ አምስት። ከዚያ የደም ፍሰት የሚያሰማውን ትንሽ መሣሪያ ቆዳዋ ላይ አስቀመጠች፤ ክፍሉ ውስጥ ሹፍ ሹፍ የሚል ድምፅ ሞላ፤ እንደ ፈረስ ግልቢያ ይቸኩላል።

«ይህ እኔ ነኝ?» አለች ዛፊራ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ፓናዮት፣ ና ስማኝ።»

እሱ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ መሣሪያው አስጠጋ፤ ቀና ሳይል ረጅም ጊዜ ቆየ።

ዶክተሯ ወረቀቱን ከጻፈች በኋላ የመጨረሻውን ቃል ተናገረች። «ወደ ሥራዎ መመለስ ይችላሉ። ግን እትዬ ዛፊራ፣ እግርዎ ከእንግዲህ ኩሬ ውስጥ አይገባም። ባዶ እግር የለም፣ እርጥብ ቦቲ የለም፣ ጨዋማ ውሃ የለም። አንዲት ትንሽ ላጥ ያለች ቁስል ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው ታስጀምረናለች።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለሁልጊዜ።»

ዛፊራ የጠበቀችው መልስ አልነበረም። ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ የኩሬውን ወለል በውስጥ እግሯ ነው የምታውቀው፤ ጨው ሲጥል በመጀመሪያ የሚሰማት ከሥር እንደ አሸዋ ሻከር ሲል ነው፤ ዓይኗ ከዚያ በኋላ ነው የሚያየው። ያንን ያጣች ጨው ሠሪ ምን ትሆናለች? መልሱን ከሆስፒታሉ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ስትፈልገው ሄደች፤ አላገኘችውም። አውቶቡሱ ሲመጣ ግን ሳትደገፍ ወጣች።

ነሐሴ ላይ የፖሞሪዬ ኩሬዎች ነጭ ሆኑ። ዛፊራ በወፍራም ካልሲና በደረቅ የቆዳ ጫማ ግድቡ ላይ ቆማለች። ከታች ኪራ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብታ፣ በረጅሙ የእንጨት መግፊያ ጨው ትሰበስባለች፤ ፀሐዩ አናቷ ላይ ነው።

«እጀታውን ዝቅ አድርጊው!» አለች ዛፊራ። «ጭቃውን እየፋቅሽ ነው! ጨውሽ ግራጫ ሆነ።»

«ነጭ ነው!»

«ከዚህ ይታየኛል። ዝቅ፣ ዝቅ! እንደ ባል ፊት አትፋቂው፣ እንደ ሕፃን ራስ ዳብሺው!»

ኪራ መግፊያውን አቁማ በክርኗ ላቧን ጠረገች። «እትዬ ዛፊራ፣ እዚያ ላይ ቆሞ መጮህ ቀላል ነው። ግቢና አሳዪኝ።»

ሌሎቹም ሠራተኞች ሥራቸውን ያዝ አድርገው አዩ። የዛፊራ እግር ጫማው ውስጥ ተንቀሳቀሰ፤ ውሃው ከግድቡ ዳር አንድ እርምጃ ነው። ቁልቁል አየችው። ከዚያ መግፊያ ለመነች፤ አንድ ሰው አቀበላት። ግድቡ ጫፍ ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ደረቷን አሳርፋ ክንዷን እስከቻለች ዘረጋች፣ የመግፊያውን አፍ ውሃው ውስጥ አስገብታ ለስለስ አድርጋ ሳበች። ከሥሩ የመጣው ጨው ንጹሕ ነበር።

«አየሽ?» አለች፣ እየተነፈሰች።

«አየሁ» አለች ኪራ። «ግን ተኝተሽ ነው የሠራሽው።»

«ተኝቼም ከቆምሽው ከአንቺ እበልጣለሁ። በይ አሁን፣ ቀጥዪ።»

እጇን ተደግፋ ተነሣች፤ ከቀሚሷ ላይ ጭቃውን አራገፈችና ወደሚቀጥለው ኩሬ ሄደች። እዚያም የምትቆጣው ሰው ነበረ።